መምህርት ማስረጃ እጅ ስታነብ

የፊዚክስ መምህሯን በስሟ የሚጠራት ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ለሁሉም «ማስረጃ» ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የስፖርት መምህሩ ነው። አንድ ጠዋት ማረፊያ ክፍል ገብቶ «ዛሬስ ሰማዩ አላማረኝም፣ ሊዘንብ ነው» ቢል፣ ከምታርመው ፈተና ቀና ሳትል «ማስረጃ አለህ?» አለችው። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ። እሷም አልጠላችውም፤ እንዲያውም በልቧ ሳትኮራበት አልቀረችም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ እጅ የምታነብ አንዲት ሴትዮ ናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ሕንጻ ምድር ቤት ክፍል ተከራይታ፣ የሰው መዳፍ እያየች ያለፈውንም የሚመጣውንም ትናገራለች ተባለ። መምህራኑ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ሄደው ዓይናቸው ፈጦ ይመለሱ ጀመር። «ከእህቴ ጋር መኳረፌን ነገረችኝ!» ትላለች አንዷ። «ወገቤን እንደሚያመኝ አወቀችብኝ!» ይላል ሌላው።

«ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ወገቡን ካላመመው ምኑን ሊያመው ነው?» አለች ማስረጃ። «ይሄንንማ እኔም እችለዋለሁ።»

«በይ እስቲ ችለሽ አሳይን!» አለ የስፖርት መምህሩ እጁን እያፋተገ። «ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ጠንቋይ አገኘን!»

ማስረጃ አንዴ እልህ ከያዛት አትለቅም። የእጅ አንባቢዎችን ዘዴ የሚያጋልጡ ሰዎች የለቀቋቸውን ቪዲዮዎች ስልኳ ላይ ተደፍታ ተመለከተች። ዘዴው ሲገባት ሳቋ መጣ። ለማንም ሰው የሚሆን ነገር ጣል ታደርጋለህ፤ ከዚያ ፊቱን ታያለህ። ፊቱ ካልተነካ መንገድ ትቀይራለህ፣ ከተነካ ትገፋበታለህ። የቀረውን ሰውየው ራሱ ዘርግፎልህ ይወጣና ደጅ ላይ ለጠበቁት «ሁሉንም ነገረኝ» ይላል። አለቀ። «በዚህ ነው እንዴ አገር የሚታመሰው?» አለች ለብቻዋ።

ሐሳቧ ክፉ አልነበረም። ጥቂት ሰው ታነብና፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ሲያያት፣ የጠንቋይ ሻሿን አውልቃ ዘዴውን አንድ በአንድ ልታሳያቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ምድር ቤቷ ሴትዮ ዝር የሚል አይኖርም ብላ ነው።

የመዝጊያው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ታደለ። ማስረጃ ትልልቅ የጆሮ ጌጥ አንጠልጥላ፣ ሻሽ ጠምጥማ ጥግ ላይ ተሰየመች። መጀመሪያ የቀረበው የስፖርት መምህሩ ነበር።

«ጀምረህ የተውከው ነገር አለ» አለችው መዳፉን እያገላበጠች። «ቤትህ ውስጥ ነው። በየቀኑ አይተህ እንዳላየህ ታልፈዋለህ።»

«ኧረ በፈጣሪ! ግድግዳው!» ብሎ ጮኸ። «ግማሹን ቀብቼ የተውኩት! ሚስቴ ነገረችሽ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሌሎችም እየተገፈታተሩ ቀረቡ፤ ለሁሉም የሚሆን አላጣችም። በመጨረሻ እትዬ መጣች። እትዬ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት። በዕድሜ ከሁሉም ስለምትበልጥ ትልቅ ትንሹ እትዬ ይላታል። ዕድሜ ልኳን «ዝም በሉ» ስትል ኖራ፣ ከቤተ መጻሕፍት ውጭም በሹክሹክታ ነው የምታወራው። እጇን ስትዘረጋ በረዶ ሆኖ ነበር።

«ሰማያዊ ነገር ይታየኛል» አለች ማስረጃ፣ ድምጿን ጎተት አድርጋ። «ልብስ መሰለኝ።»

የእትዬ ጣቶች ጭብጥ አሉ። «ካፖርቷ» አለች። «የእናቴ ካፖርት።»

ማስረጃ ገፋችበት። «እናትሽ ታመው ነው ያረፉት።»

«አዎ፣ በዚሁ…» የእትዬ ሌላ እጅ ወደ ደረቷ ሄዶ ተመለሰ። «አሁን ደግሞ እኔ…» ብላ አፏን ያዘች። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

ማስረጃ ደነገጠች። ሴትየዋን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማስለቀስ አልፈለገችም። ቶሎ ላባብላት ብላ አፏ ላይ የመጣላትን የሚያጽናና ቃል ጣል አደረገች።

«የምትፈሪው ነገር አንቺ ጋ አይደርስም» አለቻት። «ያልፋል። እንቅልፍሽን ተኚ።»

እትዬ የማስረጃን እጅ ስባ ሳመችው። ከዚያ ፊቷን በመሐረብ እየጠራረገች በጎን በር ወጣች። ማስረጃ ሻሿን አውልቃ ዘዴውን ስታስረዳ፣ ሰው ሲስቅና ሲያጨበጭብ፣ እትዬ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። በማግሥቱ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ ግቢ ውስጥ ተገናኙ።

«እትዬ፣ የትናንቱ ቀልድ ነበር እኮ። ነገሩሽ አይደል?»

«ነግረውኛል፣ ነግረውኛል» አለች እትዬ እየሳቀች። አቀፈቻትና ሄደች። ትምህርት ቤቱ ለረጅሙ ዕረፍት ተዘጋ።

ከዕረፍት መልስ አንዲት ሴት ማስረጃን ፈልጋ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሹራቧ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል።

«ማስረጃ የሚሉሽ አንቺ ነሽ? የእትዬ ታናሽ እህት ነኝ። እህቴን ምን ብለሻት ነው?»

«ምን አልኳት?»

«ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ከእናንተ ዝግጅት በፊት ሐኪም አይቷት ናሙና ይወሰድ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷት ነበር። ቀረች። ሌላ አስያዝኩላት፣ ከዚያም ቀረች። ስለምናት ስለምናት 'አይደርስም ተብያለሁ' ትለኛለች። ማን አለሽ ስላት፣ አንቺ! እናታችን የሞተችው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ማስረጃ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ያ እጅ ወደ ደረት ሄዶ ሲመለስ በዓይኗ አይታዋለች። አይታ ነው ያለፈችው።

«አሁን ተነሽ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «አንቺ ያሰርሽውን አንቺ ፍቺው።»

እትዬን ቤቷ ሳሎን ውስጥ ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ፕላስቲክ እያለበሰች አገኟት። ከስታለች፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። ማስረጃ ገና ሳትቀመጥ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ቪዲዮዎቹ፣ ፊት ስለማየት፣ ለማንም ስለሚሆን ቃል፣ ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደምታስረዳው አድርጋ አብራራችላት።

እትዬ በትዕግሥት ሰማቻት። ከዚያ «ሰማያዊውን ካፖርት ማን ነገረሽ?» አለች።

«ማንም! ሰማያዊ አልኩ እንጂ ካፖርት ያልሽው አንቺ ነሽ። ሰማያዊ ልብስ የሌለው ሰው የት አለ?»

«አየሽ» አለች እትዬ እንደ እናት ፈገግ ብላ። «ለራስሽም አይታወቅሽም። ስጦታ ያለው ሰው እንዲህ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ምንም ስጦታ የለኝም! ውሸቴን ነው ያልኩሽ!»

«ትዋሻለሽ እንዴ አንቺ? ትምህርት ቤቱ ውስጥ ውሸት የማይወጣት ሰው ማን ናት ብባል አንቺን ነው የምጠራው።» ይህን ብላ፣ ማስረጃ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባት፣ እጇን ይዛ በራሷ ሹራብ ሥር አስገባችና ጡቷ ላይ አሳረፈችው። «ይኸው፣ ራስሽ እይው። አላነሰም?»

ከማስረጃ ጣቶች ሥር ያለው ነገር ድንጋይ ነው። ወደ ጎን ሲገፉት የማይነቃነቅ፣ ሥር የያዘ ድንጋይ። እትዬ የምስራች እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ከኋላ ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

እውነቱን ነግራት አልሰማቻትም። ደግማ ብትነግራትም እንደማትሰማት አወቀች። የሚሰማ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ያው የአዳራሹ ውሸት። ዓይኗን ጨፈነች።

«እናትሽ ይታዩኛል» አለች። ድምጿ ራሱ ያንን የአዳራሹን ጉተታ ይዞ መጣ። «ካፖርቱን ለብሰዋል። ሆስፒታል በር ላይ ቆመዋል። ተቆጥተዋል እትዬ። 'ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ተነሽ፣ ዛሬውኑ ሂጂ' ይላሉ።»

ዓይኗን ስትገልጥ እትዬ ቆማለች። ጫማዋን እያደረገች ነው። «ቦርሳዬን አቀብዪኝ» አለች እህቷን። ያን ሁሉ ጊዜ በልመና፣ በልቅሶ፣ በቁጣ ያልተነቃነቀች ሴት፣ ማስረጃ ትንፋሿን ሳትሰበስብ በሩ ጋ ደርሳለች። ማስረጃን ከእብጠቱ ይበልጥ ያስደነገጣት የዚህ መቅለል ነው።

ናሙናው የፈሩት ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ጥገናው ሳይውል ሳያድር ተደረገ፤ ግራ ጡቷ እንዳለ ወጣ። ሐኪሙ ጭምብሉን አውርዶ ወደ መተላለፊያው ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች ዘለው ተነሡ።

«ትተርፋለች ብዬ አስባለሁ» አላቸው። «ሕክምናው ግን ይቀጥላል። ምነው መጀመሪያ በተቀጠረችበት ቀን ብትመጣ ኖሮ! ያኔ እብጠቱን ብቻ አውጥተን እንሸኛት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ማስረጃን አላየቻትም። ማስረጃም እሷን አላየቻትም።

እትዬ ቤቷ ገብታ ስታገግም ጠያቂው ጎረፈ። ማስረጃ የሄደች ዕለት ሳሎኑ ሙሉ ነበር። ገና ከበር ስትታይ እትዬ ከተኛችበት ሶፋ ቀና አለች።

«ይቻትላችሁ ያዳነችኝ! ሐኪም አይደለም፣ እሷ ናት። እናቴን ልካ ነው ያስነሳችኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ጎረቤት መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ከወዲሁ አዘጋጀች። ማስረጃ የተዘጋጀውን መዳፍ አየች። ዝም ብትል እትዬ በደስታ ትኖራለች፤ ማንም ምንም አይላትም። ጎረቤቲቱ ግን ነገ ምን ይዛ እንደምትመጣ ማን ያውቃል?

«እናትሽን አላየሁም» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«አላየኋቸውም፣ እትዬ። ሆስፒታል እንድትሄጂልኝ ብዬ ፈጠርኩት። የካፖርቱን ወሬ ከአንቺው ሰምቼ ነው።»

የእትዬ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ ሰው ትንሽ ቆየ። «እሺ ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «የመጀመሪያውንስ? አይደርስም ስትዪኝ ምን አይተሽ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

የእትዬ እጅ ወደ ግራ ደረቷ ሄደ፤ ፋሻው ላይ አረፈ። ከዚያ እትዬ፣ ያቺ ድምጿ ከሹክሹክታ አልፎ የማያውቅ ሴት፣ የመስኮቱ መስታወት እስኪነዝር ጮኸች።

«ውጪልኝ! ከቤቴ ውጪልኝ!»

ማስረጃ እንዴት ደረጃውን እንደወረደች አታውቀውም። የግቢው በር ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የሚሮጥ እግር ሰማች። ልብስ ሰፊዋ ናት። ልትመታኝ ነው ብላ አሰበች፤ ብትመታትም እጇን ለመከላከል አታነሳም ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች። «ዕዳሽ ነበር፣ ተናገርሽው። እኔ ዱሮም አላመንኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«የለየልሽ ውሸታም ነሽ።»

«አዎ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። የሚከተላቸው ሰው የለም። ጠጋ አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። «አንድ ልጅ ነበረኝ። አለኝ። ሥራ አገኛለሁ ብሎ ድንበር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብኛል። ስልኩ አይሠራም። አብረውት የሄዱትም አላየንም ይላሉ።»

ማስረጃ የሚመጣው ገባት። ራሷን ነቀነቀች። «እህቴ፣ አሁን ሰምተሽኝ የለም እንዴ? ሁሉም ውሸት ነው።»

«ሰምቻለሁ። ለእሷ ውሸት ነበር፣ ገብቶኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። መርፌ ያቆሰለውን መዳፏን ዘረጋች። «ለኔ ግን እስቲ አንዴ እይው። በሕይወት አለ ወይስ የለም? ይህን ብቻ።»

«አላውቅም» አለች ማስረጃ። «አላውቅም፣ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ እንዳልሰማች ሆና እጇን እንደዘረጋች፣ የማስረጃን ፊት እያየች ቆመች።