የትሪንኮማሊዋ አንባቢ

«አንገቱን እዩት፤ ዛሬም ወደ ግራ ዘመም ብሏል» አለች አክስት ሶሚ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ። «በሕይወቱ እንደሱ ቀጥ ያለ ሰው አልነበረም እኮ። ይሄ ትራሱ ነው፤ ባለሳጥኖቹ ጥጥ ሰስተውበታል።»

የወንድሟን ራስ በሁለት እጇ ይዛ አቃናችው። ጥቂት ቀጥ ብሎ ቆየና ቀስ እያለ ተመልሶ አጋደለ። አክስት ሶሚ ምላሷን መታ አድርጋ ተቀመጠች።

ማኔል ነጭ ለብሳ ከእናቷ ከሊላዋቲ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ከትሪንኮማሊ የመጣችው ትናንት ነው፤ አውቶቡሱ በየኬላው እየቆመ፣ ወታደሮች ቦርሳዋን እየበረበሩ። ቤት ስትገባ የተቆጣት የለም፣ ነይ ወደዚህ ያላትም የለም። እናቷ ብቻ እጇን ያዘችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እስካሁንም አልለቀቀችውም። የቤቱ ፎቶግራፎች ሁሉ ሬሳው ከመጣ ጀምሮ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሯል። የሷ ፎቶ ከነሱ መሃል ይኑር አይኑር ማኔል አታውቅም፤ በለቅሶ ቤት ደግሞ ፎቶ ገልብጦ ማየት የለም።

አባቷ ሱማናዳሳ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ወንድሟ ኑዋን ዘምቶ ከሰሜን በታሸገ ሳጥን ሲመጣ ሳጥኑን ክፈቱልኝ ብሎ ለመነ፤ አልተከፈተለትም። በዓመቱ ማኔል ዮጋን የሚባል መምህር አገባች፤ ታሚል ነው፣ ኑዋን ከዘመተባቸው ወገን። አባቷ አልጮኸም፣ እጁንም አላነሣም። «ከዚህ በር ስትወጪ ስምሽ ከአፌ አብሮሽ ይወጣል» አላት። ሱማናዳሳ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ይኸው ስሟን ሳይጠራ ሞተ።

ነገር ግን አባትና ልጅ ሲነጋገሩ ኖረዋል። ይህን በዚህ ቤት ከማኔል በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱ ያውቅ እንደሆነ ደግሞ እሷ አታውቅም። ከትሪንኮማሊ እዚህ ኬጋሌ እስክትደርስ መንገዱን ሁሉ ሲበላት የመጣው ይኸው ነው፤ አሁን የምትጠይቀው ሰው ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

ጎረቤቶች ዝንጅብል የገባበት ሻይ ይዘው ገቡ፤ ሬሳ ባለበት ቤት ምድጃ አይነድም፤ የሚበስለው በነሱ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ጠረጴዛውን በክርኑ ነቅነቅ አደረገና ከሥሩ አየ።

«እግሩ አጭር ነው፣ ግን አይነቃነቅም» አለ።

«የክብሪት ቀፎ አለበት» አለው ጓደኛው። «የሱማናዳሳ ሥራ ነው። መስኮቱንም፣ የግድግዳ ሰዓቱንም በሱ ነው ያቆመው። በል ካርታህን ጣል፤ እያጭበረበርክ ነው።»

የማይታወቁ ለቀስተኞች በዝተዋል። ከመጡ ጀምሮ አክስት ሶሚ ዐይኗን ከነሱ ላይ አልነቀለችም። አንዲት ወፍራም ልብስ ሰፊ ከማታራ ድረስ መጥታ ሬሳው እግር ሥር ሰገደችና ዐይኗን እየጠረገች ከሊላዋቲ ፊት ቁጭ አለች።

«በሕይወት አይቻቸው አላውቅም፣ እናቴ» አለች። «የልጄ የሠርግ ፎቶ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጠፋብኝ። ባሌ ሊገድለኝ ደረሰ። ጋዜጣው ላይ ጻፍኩ፤ እሳቸው መለሱልኝ። አልገባኝም ብዬ ብጽፍ ደግመው መለሱ። ‹አትቸኩዪ እህቴ፤ መጀመሪያ የምታይውን ብቻ ንገሪኝ› ነበር የሚሉኝ። እንደሳቸው ያለ ትዕግሥተኛ ከየት ይገኛል?»

አክስት ሶሚ ወደ ማኔል ጆሮ ተጠጋች። «ሰማሽ? ለባዳ እንዲህ ነው የሚያወራው። እኔን እህቱን እኮ በዓመት አንዴ ነው ‹ደህና ነሽ?› የሚለኝ፤ እሱንም መልሱን ሳይሰማ።» ሳቋን በልብሷ ጫፍ አፈነችው፤ ከዚያ በዚያው ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

የእሁዱ ጋዜጣ የኋላ ገጽ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። «አንባቢ ለአንባቢ» ይሉታል። ኮምፒውተሩ እምቢ ያለው ሰው ይጽፋል፤ የሚያውቅ ሌላ አንባቢ ይመልሳል። ማተሚያዬ ወረቀት ይበላል፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ልጄ ፊደሉን ሁሉ ቀየረብኝ። አንድ ደንብ አለ፦ የጠየቀ ሰው መፍትሔውን ሞክሮ «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ብሎ መልሶ መጻፍ አለበት። አልሠራም ካለ መላሹ ሌላ ዘዴ ይዞ ይመጣል። ከመልሶቹ ግርጌ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል «ሱማናዳሳ፣ ኬጋሌ» የሚል ይነበባል።

ማኔል መጀመሪያ የጻፈችው እውነት ቸግሯት ነው። ከልጅነት ጓደኛዋ ስም ተውሳ «ኩሱም፣ ትሪንኮማሊ» ብላ ፈረመች። አባቷ መለሰላት። መልሱን ዮጋን ሳያያት ጮክ ብላ በአባቷ ድምፅ አነበበችው፤ ረጋ ብሎ፣ እያንዳንዱን ነገር በየተራው። ከዚያ ወዲያ የሌለ ብልሽት መፍጠር ጀመረች። ዮጋን ነገሩ ሲገባው ሳቀባት። «ኮምፒውተራችን እኮ ከመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ የባሰ በሽተኛ ሆነ» ይላታል። እሷ ግን በየጊዜው ጻፈች፤ መልሱ ሲመጣም «ሠራ፤ አመሰግናለሁ» ብላ ላከች። ማሽኑ ደህና ነበር። የሚሠራው ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ ማሽኑ የምር ታመመ። ኮሌጅ ስትገባ አባቷ ከየቦታው ዕቃ ለቃቅሞ በገዛ እጁ የገጠመላት ነው፤ ከቤት ስትወጣ ይዛው ወጥታለች። ሲበራ ጢ...ጥ ብሎ ይጮሃል፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ድሮ ቤት ሳሉም አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርገው ነበር፤ አባቷ ግራ ጎኑን በመዳፉ ቸብ ያደርግና «ተነሽ አንቺ ሰነፍ!» ይለዋል፤ እሷ ትስቃለች፤ ማሽኑም ይነሣል። ማኔል ብዙ አሰበችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አባቴ የገጠመልኝ ነው። በግራ ጎኑ በመዳፍ ሲመቱት ይነሣ ነበር። አሁን ግን የሚመታው ሰው የለም።» ይህን አንብቦ ልጁ መሆኗን የማያውቅ አባት የለም። ስሜን ባይጠራ እንኳ አንድ ቃል ይጨምርልኛል ብላ ጠበቀች።

መልሱ ታትሞ መጣ። ክዳኑን ይክፈቱ። ራም የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ ነቅለው ጫፉን በላጲስ ያሹ። ቀጭ እስኪል መልሰው ይግፉት። ሱማናዳሳ፣ ኬጋሌ። ሌላ ምንም የለም።

እያገላበጠች አነበበችው። ወይ አውቆ ፊቱን አዙሮባታል፣ ወይ ያቺን ቸብታ ጨርሶ ረስቷታል። የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቃታት። ዮጋን ክዳኑን ሲከፍት አቧራ፣ የደረቀ በረሮና የተጣጠፈ የካርቶን ቁራጭ ወለሉ ላይ ወደቀ። «የማን ቆሻሻ ነው ይሄ?» አለ። ማኔል ቀና ብላም ሳታይ ሁሉንም በመጥረጊያ ጠርጋ ጣለችው። በላጲስ አሹት፤ ገፉት፤ ማሽኑ ግን አልተነሣም። ሠራም አልሠራምም ብላ ሳትጽፍ ቀረች። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። ከዚያ እናቷ ደወለች።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት አንድ ቀጭን ሰው የረጠበ ጃንጥላውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ጋዜጣው ላይ ያንን ገጽ የሚያዘጋጀው ዊጄራትና ነኝ አለ። ለሬሳው ሰገደ፤ ከዚያ ሻይ ተሰጠውና ከሊላዋቲ ፊት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ቁም ስቅሌን ነው ያሳዩኝ» አለ። ሊላዋቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ቤት ያልተናገረውን አንተ ላይ ተናገረዋ።»

«የሚጽፉት ረጅም ነው፤ የኔ ገጽ ደግሞ ጠባብ። እቆርጣለሁ። እሁድ ጋዜጣው ወጥቶ ሰኞ በጠዋት ስልክ ነው። ‹ሰው እጁን ማሽን ውስጥ ከትቶ እየጠበቀ አንተ መንገዱን ትቆርጥበታለህ?› ይሉኛል። በተለይ ከትሪንኮማሊ የምትጽፍ አንዲት ሴት አለች። ‹የሷን ደብዳቤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ፣ የኔ ነው› ብለውኛል። ቀድሞ የመለሰ ሰው እንኳ ቢኖር የሳቸውን ነበር የማወጣው።»

ማኔል ወደ ሰውየው ዞረች።

«ለምን እንደሆነ ነገረህ?» አለች።

«ኧረ እሳቸው ምን ይናገራሉ! ብቻ የመጨረሻዋ ላይ ተጣላን። ‹ከራሙ ሥር የተጣጠፈ የክብሪት ቀፎ አለ። እንዳታወጪው፣ ደግፎ የያዘው እሱ ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት› ብለው ጻፉ። እንግዲህ አስቡት፤ ኬጋሌ የተቀመጠ ሰው ትሪንኮማሊ ያለ ማሽን ውስጥ ምን ሊያስገባ ይችላል? አርጅተዋል፣ ተምታቶባቸዋል አልኩ። ሰው እንዳይስቅባቸው ብዬ ቆረጥኩት። የውሃ ፓምፕ ማስታወቂያም መጥቶብኝ ቦታ አጥቼ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በየሳምንቱ ስልክ ሆነ። ‹ጻፈች? ሠራላት?› አልጻፈችም እላቸዋለሁ። ‹አልሠራም ብላም አልጻፈች?› የለም። ‹ደብዳቤው ኬላ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ እንጠብቅ› ይላሉ። እኔ ልርሳው ብል እሳቸው አልረሱም። በመጨረሻ ጊዜ ሲደውሉ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ሰላምታም አልሰጡኝ። ‹ጻፈች?› ብቻ ነው ያሉኝ።»

ሻዩን ሊጠጣ አነሣና የማኔልን ፊት አየ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ... ከየት ነዎት?»

«ልጃችን ናት» አለች ሊላዋቲ። «ከትሪንኮማሊ ነው የመጣችው።»

ሰውየው ስኒውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አኖረ። ተነሣና፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ሳይሰናበት ሄደ። ጃንጥላውን በሩ ላይ ረስቶታል።

«እሁድ እሁድ ጋዜጣውን ከኋላ ነበር የሚጀምረው» አለች ሊላዋቲ፣ ከልጇ ይልቅ ለሳጥኑ የምትናገር ይመስል። «ያችን ገጽ ብቻ አይቶ መነጽሩን ያጥፋል። ‹ምን አጥተህ ነው?› ስለው ‹ምንም› ይላል። አንቺ ነበርሽ እንዴ የምትጽፊው?»

ማኔልን ከመጣች ጀምሮ እምቢ ያላት ለቅሶ መጣ፤ ድምፅ እያወጣች፣ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። «እሰይ፣ ይውጣልሽ» አለች አክስት ሶሚ፤ የምታውቀው ነገር የለም። ማኔል ቆራጩን ሰውዬ ረገመችው፤ የፓምፑን ማስታወቂያ ረገመች። ግን ወዲያው ሁሉም ወደሷ ተመለሰ። «አልሠራም» ብላ ብትጽፍ ይበቃ ነበር። ደንቡ ያ ነበር። አልሠራም ብትለው አባቷ መልሶ ይጽፍ ነበር፤ እስክታገኘው ድረስ ደጋግሞ ይጽፍ ነበር። እሷ ግን አኮረፈች። እሱ ለልጁ የላከውንም በመጥረጊያ ጠርጋ ከበረሮ ጋር ጣለችው።

ከሰዓት በኋላ መነኮሳቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወጡ። ከበረንዳው ወንዶቹ ካርታቸውን ሰብስበው ሳጥኑን ሊሸከሙ ገቡ፤ ከመሃላቸው አንዱ ክዳኑን ይዟል። ሊላዋቲ የባሏን እግር በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስነካችው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አክስት ሶሚ። «አንገቱ! ደግሞ ዘመም አለ። እንዲህ ሆኖ ይቀበር? እስኪ አንድ ጨርቅ ስጡኝ።»

«ተዪው አክስቴ» አለች ማኔል።

ሳጥኑ ራስጌ ከሚነደው የዘይት መብራት አጠገብ የነበረውን ክብሪት አነሣች። እንጨቶቹን መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው። ቀፎውን በጥርሷ ቀደደችና አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው፤ በጣቷ ውፍረቱን ለካች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አጠፈችው። ከዚያ የአባቷን ራስ ቀና አደረገች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስትነካው ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ካርቶኑን ከትራሱ ሥር በግራ በኩል ወሸቀችና እጇን ቀስ አድርጋ ለቀቀች።

ሁሉም ጠበቁ። ራሱ አልተነቃነቀም።

ማኔል ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ሠራ፣ አባዬ» አለችው።