ዓሣ ያረደው አባት

ኑርሁሴን ውሸቱን የዋሸው በስልክ ነበር፤ ያውም ሳያስበው። ሳዑዲ በረሃ ውስጥ የአንድ ባለጸጋ በጎች እየጠበቀ ሳለ፣ ያኔ አምስት ዓመት የሆናት ትልቋ ልጁ ዊዳድ ደሴ ሆና «አባዬ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው። «በግ እጠብቃለሁ» ማለት ምላሱ ላይ ከበደው። የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው፤ የአባቱን በጎች ትቶ፣ አገር ተሰናብቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው ሄዶ ሄዶ የሰው በግ ጭራ መከተሉን ለገዛ ልጁ ምን ብሎ ይንገራት?

«ባሕር ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ» አላት።

ነገሩ በዚያው ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን አንድ የዒድ ቀን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወርድ ከማያውቀው ሰው ክንድ የሚያህል ዓሣ ተውሶ ፎቶ ተነሣና ላከላቸው። ፎቶው ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዊዳድ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አወራች። ስድስት ዓመት ሙሉ አባታቸው ማዕበል የሚሰነጥቅ ጀግና ሆኖ ኖረ።

ከተመለሰ አራተኛ ወሩ ነው። ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደሴ ይገባል። ሲሄድ ገና ጡት ያልጣለችው ትንሿ ልጁ ኢስራ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷን አልለመደችውም። በሩን ሲያንኳኳ «እማዬ፣ እሱ መጣ» ነበር የምትለው። «እሱ» የምትለዋ ቃል አንጀቱን ትበላዋለች። እናም አንድ ማታ ኢስራ ፎቶውን አይታ አይታ ወደሱ ዞረችና «እኛንም ዓሣ ማጥመድ ታስተምረናለህ?» አለችው። እሱን ስትለምን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሚስቱ ረሂማ ከምድጃው አጠገብ ቀና ብላ አየችው። እውነቱን ታውቃለች። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «አሁን እንኳ ንገራቸውና ይውጣልህ» አለችው።

«ገና ልትቀርበኝ ስትል?» አላት። መንጠቆ በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም፤ ግን ክር ውኃ ውስጥ መጣል ምን ያቅታል ብሎ ልቡን አደነደነ።

ቅዳሜ ጠዋት መንጠቆና ክር ገዝቶ፣ ሁለቱን ልጆች ይዞ በሚኒባስ ሐይቅ ወረደ። ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ ከዳር ተነሥቶ ወደ ውኃው ዘልቋል። እዚያ ሦስት ጎረምሶች ጀልባ ያጥባሉ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ሸምበቆ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ያለው ቅርጫት ከወዲሁ በዓሣ ተሞልቷል። ኑርሁሴን ማጥመድ የሚያውቅ ሰው ዓይን እንዳያርፍበት ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

ገና መንጠቆውን ሲያስር ጣቶቹ ከዱት። ያሰረው ተፈታ፤ የፈታው ተቋጠረ። በመጨረሻ እንደምንም አስሮ፣ ዳቦ ሰክቶበት፣ እጁን ወደ ኋላ ስቦ ወረወረው። ክሩ ሄደ ሲባል ነፋሱ መለሰውና መንጠቆው የራሱ ጃኬት ትከሻ ላይ ተሰካ። ኢስራ ሳቀች። ዊዳድ አልሳቀችም፤ እጁን ነበር የምታየው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ አይተው ኖሮ ሸምበቋቸውን እንደያዙ መጡ። «አሰላሙ ዐለይኩም። ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ፤ ሰዉ አያ ዘይኑ ይለኛል። ልጄ፣ እርሳስ አላሰርክለትም እኮ። ክብደት ከሌለው ንፋስ ነው የሚጫወትበት። አምጣ ላሳይህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ይገላገል ነበር። ኑርሁሴን ግን ሁለቱ ልጆች እያዩት ነው። «ግድ የለም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እኔ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ነው የሠራሁት። የኩሬ አሠራር ስለሆነ ነው ግር ያለኝ።»

ተወልደው ያረጁበት ሐይቅ ኩሬ ሲባል አያ ዘይኑ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ኢስራን አጠገባቸው አስቀመጧትና ሸምበቆውን እጇ ላይ አኖሩላት። «ዝም ብለሽ ያዢው። ሲስብሽ ያን ጊዜ ብድግ!» ብዙም አልቆየ፤ ልጅቷ ጮኸች፣ ሸምበቆው ጎበጠ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ እየተንፈራገጠ ሳንቃው ላይ ወደቀ።

«ያዝኩ! እኔ ያዝኩ!» ኢስራ በደስታ የአያ ዘይኑን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ትዘል ጀመር።

ያን ክንድ ሲያይ ኑርሁሴን ቅናት ያዘው። በሽማግሌ ላይ መቅናት ነውር መሆኑ አልጠፋውም፤ ግን ያዘው። አያ ዘይኑ ዓሣውን አንሥተው ቅርጫት ውስጥ ሊጨምሩት ሲሉ «ቆይ! ሞቶ በክት ሳይሆን!» ብሎ ከእጃቸው ነጠቀ። ሰንጢውን አወጣ። በረሃ ላይ ለጌታው እንግዶች ስንት በግ አርዷል፤ ማረድ እንደሆነ እጁ ያውቀዋል። ወደ ቂብላ ዞረ፣ ዓሣውን በጎኑ አጋደመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቢስሚላህ! አላሁ አክበር!» ብሎ ሰንጢውን ሳበው። አንገት የሌለውን ፍጥረት አንገቱን ቆረጠው። ጭንቅላቱ ተንከባሎ ውኃው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ጀልባ የሚያጥቡት ጎረምሶች በሳቅ ፈረሱ። «ቆዳውንም ግፈፍለት እንጂ!» አለ አንደኛው ሆዱን ይዞ።

ኑርሁሴን ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ደጋ ያደገ ሰው ነው፣ ቤታቸው ዓሣ ገብቶ አያውቅም፤ የተሳቀበት መሆኑ ብቻ ነው የገባው። ሳቁን ከራሱ ላይ ለማንሣት ሌላ የሚጥልበት ሰው ፈለገ፤ ከአያ ዘይኑ የቀረበ ማንም አልነበረም።

«እርስዎ ይህን ሁሉ ሳያርዱ ነው ለገበያ የሚያወጡት?» አለ ቅርጫቱን በእግሩ ገፋ አድርጎ። «ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ! ስንቱን ሙስሊም በክት ሲያበሉት ኖሩ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። አያ ዘይኑ የተገፋውን ቅርጫት አቃንተው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ዓሣ አይታረድም። ሞቶም ሐላል ነው። ይህንን ልጆች ያውቁታል» አሉ። ቀጥለውም ለማሳጣት ሳይሆን ከልባቸው ግራ ገብቷቸው፣ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ነው ባሕር ላይ የሠራኸው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁት።

በእሱ ፈንታ ዊዳድ መለሰች።

«ስድስት ዓመት» አለች ፈጠን ብላ። «እዚያ መርከቡ ላይ ያርዳሉ። አሠሪዎቹ እረዱ ስለሚሏቸው ነው። አይደል አባዬ?»

ውሸት ነበር። መድረሳ የምትማር ልጅ ዓሣ እንደማይታረድ ማወቅ አያቅታትም። ስትዋሽ ሰው አላየችም፤ ዓይኗን ውኃው ላይ ተክላ፣ ድምጿን ሳታዛንፍ፣ ልክ እሱ በስልክ እንደሚዋሸው አድርጋ ዋሸች። ኑርሁሴን የጎረምሶቹ ሳቅ ኢምንት ሆነበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልጁ ገበናውን ልትሸፍን የራሷን ንጹሕ አፍ አበላሸችለት።

«አይደለም» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም፤ ደገመው። «አይደለም ዊዳድ። ተይው።»

ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተንበረከከ። «አያ ዘይኑ፣ አፉ ይበሉኝ። ባሕር ላይ ሠርቼ አላውቅም። በግ ጠባቂ ነበርኩ። ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ነው የደፈርኩዎት።»

አያ ዘይኑ ክንዱን ይዘው አነሡት። «እኔስ አፉ ብያለሁ፤ አብሽር። ግን የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው። እነዚህ ጎረምሶች ነገ ገበያ ላይ ያወሩታል፤ በክት ይሸጣል ከተባልኩ ማን ይገዛኛል? ለእነሱም ንገራቸው።»

እውነታቸውን ነበር። ኑርሁሴን ወደ ጀልባዎቹ ሄዶ ሦስቱ ጎረምሶች ፊት ቆመ፤ የሰው ገንዘብ የሰረቀ እንኳ እንደዚያ አይቆምም። «ያወራሁት ካለማወቅ ነው። የእሳቸው ዓሣ ሐላል ነው። በግ ጠባቂ ነኝ እንጂ አጥማጅ አይደለሁም» አለ። ጎረምሶቹ አልሳቁም። አንደኛው እንዲያውም አፍሮ ጎንበስ አለና ጀልባውን ማጠቡን ቀጠለ።

ሲመለስ ልጆቹ ሳንቃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዊዳድ ፊቷን አዞረችበት። «ለክፍሌ ልጆች ሁሉ ነግሬያቸው ነበር» አለች እንባዋ እየፈሰሰ። ኢስራ ግን የተቆጣች አትመስልም። አንድ የማይገጥም ነገር ለመግጠም የምትሞክር ነበር የምትመስለው።

«መርከብ ላይ አልነበርክም?» አለችው።

«አልነበርኩም።»

«ዒድ ሲመጣ ሁሉ እማዬን ለምን አይመጣም እላት ነበር። መርከቡ ሩቅ ነው፣ ባሕሩ ሲለቀው ይመጣል ትለኝ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ባሕር ካልያዘህ ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

ኑርሁሴን አጠገቧ ተቀመጠ። ለዚህም ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«አፍሬ ነው» አላት። «ሰው ከስደት ሲመጣ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። እኔ ምንም አልነበረኝም። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ እያልኩ፣ ዘንድሮ ሳይሆን ለከርሞ፣ ለከርሞ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻም የመጣሁት ፖሊስ ይዞ አባሮኝ ነው።»

ዊዳድ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደሱ ዞረች፤ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ዓይን ለዓይን አይታው አታውቅም።

«እኛ መቼ አምጣ አልንህ?» አለችው።