ባሕሩ ታዲያ የት አለ?

ዘርይሁን የዋይፋዩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለና ከሶፋው ኋላ ጣለው። ወገቡን ቀና ሲያደርግ ባለቤቱ ብፅዓት ስልኳን ፊቷ ላይ ደግና ከኩሽና ወጣች። ስልኩ ላይ ለሚመጣው ፊት ፈገግታዋን ቀድማ አዘጋጅታለች። አዲሱ የሰሌን ባርኔጣ ጭንቅላቷ ላይ ነው፤ የዋጋው ወረቀት ጆሮዋ አጠገብ ይወዛወዛል።

“ቫይበሩ እምቢ አለኝ” አለች። “ባርኔጣዬን ለእማዬ ላሳያት ነበር።”

“ማሚ፣ ዋይፋዩ ሄደ” አለች ልጃቸው ባርኮት፣ ከላፕቶፑ ላይ ቀና ሳትል። “ሲሪየስሊ፣ ልክ የሆቴል ክፍሎቹን ቼክ ሳደርግ!”

“ሰፈሩ በሙሉ ሳይሆን አይቀርም” አለ ዘርይሁን።

በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዋሸ መቁጠር ትቷል። የብፅዓት የስልክ ዳታ ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ለእንዲህ ያለው ተንኮል ባል የሆነ ሰው ይመቸዋል። ባርኔጣውን ማየት ግን አልቻለም።

የብፅዓት እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ማክሰኞ ዕለት ሞጣ ላይ አርፈው ረቡዕ ተቀብረዋል። ወንድሟ አለማየሁ ለእሷ መደወል አልሆነለትምና ለዘርይሁን ደወለ። ዘርይሁን ያን ሰዓት ለንደን፣ ፓርክ ሮያል በሚሠራበት የዳቦ ፋብሪካ ሣጥን እየጫነ ነበር። “ለእሷ እንዴት እንደሚነገር እናንተ ታውቃላችሁ” ብሎ አለማየሁ ስልኩን ዘጋ። ዘርይሁን ሣጥኖቹ ላይ ቁጭ አለ። አለቃው መጥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ አማቴ ሞቱ አለው፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሻይ ጠጥቶ እንዲመለስ ነገረው። እንዲህ ቀላል ነበር።

ቤት ሲገባ ግን ያው ነገር ከአፉ አልወጣም። ለነገሩ የእሱ ሥራም አልነበረም። መርዶ ባለቤት አለው፣ ሰዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች አጠገቧ ይቆማሉ። ለንደን ላይ ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው የሥራ ሽፍቱ ሲፈቅድለት ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረመድኅን ቀኑን ሙሉ ሲደውሉ ውለው፣ አንዱ የሌሊት ሥራ ላይ ነው፣ አንዷ ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት፣ በመጨረሻ ለሁሉም የተመቸው ቅዳሜ ንጋት ሆነ። እስከዚያ ዘርይሁን አፉን ይዘጋል፣ ስልኳን ይጠብቃል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

“በል ና፣ ቁጭ በል” አለችው ብፅዓት ወንበር ስባ። “አንተ የሌለህበት ፕላን ሆነኮ። ባርኮት፣ ለአባትሽ ንገሪው።”

ባርኮት ላፕቶፑን አዞረችለት። “ሦስት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፣ ዳድ። ማርጌት እንጀምራለን፣ ከዛ ብሮድስቴርስ፣ ከዛ ራምስጌት። ኦል አሎንግ ዘ ኮስት። በእግር ይኬዳል፣ ባሕሩ በጎንህ ነው። ኦገስት ላይ አራት ሌሊት።”

“በእግር?” አለ ዘርይሁን፣ አንድ ነገር ማለት ስላለበት።

“ምነው? የሞጣ ልጅ አግብተህ በእግር መሄድ ትፈራለህ?” አለች ብፅዓት፤ ሳቀች።

ብፅዓት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ማርጌትን የነገሯት እዚያ ያሉት አሮጊቶች ናቸው። ጀርባቸውን ስታጥባቸው፣ ካልሲያቸውን ስታለብሳቸው፣ በልጅነታቸው በዚያ አሸዋ ላይ አህያ ይጋልቡ እንደነበር አውርተው አይጠግቡም። የዛሬን ቁርስ የረሳች ሴት የአህያዋን ስም ታስታውሳለች። ብፅዓት ይህን ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሳቅ ገደላቸው። “አህያ ለመጋለብ ባቡር ይሳፈራሉ? እኛ ጋ ይምጡልኛ” አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ጠየቁ፦ “ቆይ ግን ልጄ፣ የምትኖሪው ደሴት ላይ ነው አሉኝ። ባሕሩ ታዲያ የት አለ?”

ብፅዓት ለንደን በኖረችበት አሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያየችው ውሃ ቴምዝን ብቻ ነው፣ እሱም ድፍርስ። ሥራ፣ ልጅ፣ ደግሞ ሥራ። አፈረች። “ዘንድሮ እሄድልሻለሁ፤ ከውሃው ዳር ሆኜ እደውልልሻለሁ” ብላ ቃል ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በደወለች ቁጥር ስለ ባሕሩ ሳይጠይቁ ስልክ አይዘጉም ነበር።

“ማዶው አይታይም አሉ፣ እውነት ነው?” አለች አሁን ብፅዓት፣ ፎቶውን በጣቷ እየነካች። “እማዬ ይሄንን አታምንም። ማዶ የሌለው ውሃ የለም ነው የምትለው።” ከዚያ ድንገት ወደ ዘርይሁን ዞረች። “አለማየሁ ግን ምን ሆኖ ነው ስልክ የማያነሳው? ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ነው። እማዬን ብርድ መታት ብሎኝ ነበር፣ ተሻላት እንኳ አላለኝም።”

ዘርይሁን እጁን ከጠረጴዛው በታች አወረደ። “ቀን ላይ እኔ ጋ ደውሎ ነበር። ልነግርሽ ረሳሁት። እትዬ ተናኘ ጠበል ገብተዋል። እዚያ ደግሞ ስልክ አይያዝም።”

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ፈለገ። በዓለም ላይ ካለው ውሸት ሁሉ መርጦ ያንኑ አወጣው።

ብፅዓት አየችው። ባርኔጣውን ቀስ ብላ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ጠበል” አለች።

“አዎ።”

“የትኛው ጠበል?”

“እሱን አልነገረኝም።”

“ይሁን” አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ወደ ልጇ ዞረች። “ባርኮት፣ ታች ጎረቤት እነፊርደውስ ጋ ሂጂ። እነሱ ጋ ዋይፋይ ይኖር ይሆናል።”

“የባንክ ካርድሽን ልውሰድ? ብሮድስቴርስ ያለው ክፍል ሊያልቅ ነውኮ።”

“ካርድ አያስፈልግም። ዋጋውን ብቻ እዪ። ቡክ እንዳታደርጊ።”

ልጅቷ ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች። ብፅዓት ተነስታ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። ዘርይሁን ቆሻሻ እጥላለሁ ብሎ፣ ግማሽ እንኳ ያልሞላውን ከረጢት አንጠልጥሎ ደረጃው ላይ ወጣና ጋሽ ገብረመድኅን ጋ ደወለ።

“ጋሼ፣ ልንገራት” አለ። “እስከ ቅዳሜ አልችልም።”

“ማን? አንተ ብቻህን?” አሉ ሽማግሌው። “ደም ግፊት ያለባት ሴት ናት። አንድ ነገር ብትሆንብህስ? መርዶ እንዲህ በጎን ሹክ አይባልም፣ ልጄ። ሰውም ይታዘበናል።”

“ለእናቷ ባሕር ላሳይ ብላ ባርኔጣ ገዝታለችኮ፣ ጋሼ። እየሳቀች ነው።”

“ታዲያ ትሳቅ። አንድ ቀን ብትስቅ ምን ትጎዳለች?”

ዘርይሁን ምን እንደምትጎዳ ያውቅ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ለሦስት ሳምንት ደብቀውታል። “አባትህ ጠበል ገብተዋል፣ ስልክ አይያዝም” ነበር ያሉት፤ ዛሬ እሱ ሚስቱን እንዳላት፣ ቃል በቃል። አባቱ በተቀበሩበት ቅዳሜ እሱ ቶተንሃም የጓደኛው ሠርግ ላይ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መሃል ገብቶ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። መርዶውን ሰምቶ ካለቀሰ በኋላ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረ፣ ቆጥሮም ደረሰበት። ከዚያ ወዲያ የሙሽሮቹን ቤት ረግጦ አያውቅም። በአባቱ ሞት ካለቀሰው ይልቅ በዚያ ጭፈራ የተቃጠለው ይበልጣል።

ብፅዓት ያኔ እጮኛው ነበረች፤ ታውቅም ነበር። አንድ ወር አላናገራትም። ሲታረቁ ያለው አንድ ነገር ነው፦ “እኔና አንቺ እንዲህ አንደራረግም።” እሷም “አንደራረግም” አለች። በሠርጋቸው ቀን ብዙ ቃል ገብተዋል፤ ዘርይሁን እንደ ቃል የሚቆጥረው ግን ይሄኛውን ነው። አሁን ካፈረሰው ሦስት ቀኑ።

“አደራህን፣ እስከ ቅዳሜ ቻለው” አሉ ጋሽ ገብረመድኅን።

“እሺ ጋሼ” አለ፤ ስልኩን ዘጋ። ቆሻሻውን ሳይጥል ከነከረጢቱ ተመለሰ።

ብፅዓት ዕቃውን አላጠበችም። ቧንቧው እየፈሰሰ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማለች። ገና አልመሸም፤ የሰመር ብርሃን ኩሽናውን ሞልቶታል። ዘርይሁን ሄዶ ቧንቧውን ዘጋ። ውሃ ልቅዳላት፣ ቁጭ ላድርጋት፣ ሴት ልጥራ እያለ ያሰበው ሁሉ ጠፋበት።

“ብፅዓት” አለ። “እትዬ ተናኘ ጠበል አልገቡም።”

“አውቃለሁ” አለች። አልዞረችም። “ጠበል ስትል ነው ያወቅኩት። ለአንተ ጠበል ብለው ሲዋሹህ አጠገብህ አልነበርኩም? ተመልሰህ ትነግረኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የቆምኩት።” ከዚያ ጠየቀች፦ “መቼ ነው?”

“ማክሰኞ።”

“ማክሰኞ” አለችና ጣቶቿን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ ማሳረፍ ጀመረች። “ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ባርኔጣውን ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ነበር። የተቀበረችው?”

“ረቡዕ።”

“ረቡዕ ለአሮጊቶቹ፣ ‘ማርጌት ልሄድ ነው፣ አህያችሁን ሰላም እልላችኋለሁ’ አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ።”

ከዚያ ልትወድቅ ስትል ዘርይሁን ያዛት፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አልጮኸችም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ልጅቷም ታች ናት። የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ዘርይሁንም አለቀሰ። አማቱን ይወዳቸው ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ግን ሲደብቅ ለማዘን እንኳ ጊዜ አላገኘም።

“ማን ማን ያውቃል?” አለች ኋላ ላይ።

“ዕድሩ። ጋሽ ገብረመድኅን።” ከዚያ ጨመረ፦ “አለቃዬ።”

“የዳቦው ፋብሪካ አለቃህ?”

“ማክሰኞውኑ ነገርኩት።”

“ስሟን እንኳ መጥራት የማይችል ሰው ከእኔ በፊት አወቀ” አለች። “መቼ ነው የሚመጡት?”

“ቅዳሜ ንጋት ላይ። እንደነገርኩሽ እነግራቸዋለሁ፣ ይቀራል።”

“አይቀርም” አለች ፊቷን በጨርቁ ጠርጋ። “ጋሽ ገብረመድኅን በዚህ ዕድሜያቸው በሌሊት አውቶቡስ ከቶተንሃም መጥተው በሬን ሲያንኳኩ፣ ሰምቻለሁ አልላቸውም። ይንገሩኝ። ቅዳሜ ከሰው ጋር አለቅሳለሁ፣ ለእሷም ክብሯ ነው። ለባርኮትም ያን ጊዜ ይነገራታል።” ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ልጇን አንድ ቀን ልትዋሻት መሆኑን ያወቀችው ገና አሁን ነው። ቢሆንም ቃሏን አልመለሰችም።

“ነገስ?” አለ ዘርይሁን። “ሥራ ትገቢያለሽ?”

“ገብቼ ደግሞ ስለ ማርጌት ልስማ?” ወደ ጠረጴዛው ቀና አለች። “የጠዋቱ ባቡር ስንት ሰዓት ነው?”

“የትኛው ባቡር?”

“የማርጌቱ። ባርኮት ትምህርት ቤት ስትሄድ እኛ እንሄዳለን፣ ከመመለሷ በፊት እንመጣለን። ከውሃው ዳር ሆኜ እደውልልሻለሁ ብያታለሁ።”

ማን እንደሚያነሳው ዘርይሁን አልጠየቀም። ከወለሉ ተነሳ፣ ከሶፋው ኋላ በጉልበቱ ገብቶ ገመዱን ፈለገና መልሶ ሰካው። ብፅዓት ገመዱን ከእጁ ላይ አየችው። አረንጓዴው መብራት ትንሽ ብልጭ ብልጭ አለና በራ። ወዲያው የእሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ መንጫጫት ጀመረ፤ ከሞጣ፣ ከባሕር ዳር፣ ከየዘመዱ የተላከው ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። አንዱንም አላነበበችም። ስልኩን ደፋችው።

ዘርይሁን በራሱ ስልክ የባቡሩን ሰዓት እየፈለገ ሳለ ደረጃው ላይ የባርኮት እግር ተሰማ። ብፅዓት ባርኔጣውን አነሳችና የዋጋውን ወረቀት በጥርሷ በጠሰችው።

“ይሄን ይዤ እሄዳለሁ” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። “ባቡሩ ውስጥ ፊቴን ይሸፍንልኛል።”