እንቅልፍ የጣመበት እሁድ

ሁለቱን ወንድማማቾች ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው ቢሉት አያምንም ነበር። ታላቅየው መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሳቂታ፣ ቀኑን ሙሉ ከመደርደሪያው ኋላ ቆሞ ለመጣው ሁሉ "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ" ሲል የሚውል ሰው ነው። ታናሽየው ሶፋ ሠሪ ነው፤ ቀጭንና ዝምተኛ። ሥራ ላይ ትንንሽ ሚስማሮችን በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እየመዘዘ ስለሚመታ ቤተሰቡ "ሚስማር" አለው፤ በዚያው ጸናበት።

ብስክሌቱን ያመጣው ሚስማር ነው። ይህን መቼም አይረሳውም። ሐኪሙ ታላቅየውን "ስኳርህም ግፊትህም ከልክ አልፏል፤ ሰውነትህን አንቀሳቅስ" ቢለው፣ "ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፤ ከዚህ በላይ ምን ልንቀሳቀስ?" ብሎ ተከራክሮ ወጣ። በዚያው ሰሞን ሚስማር የአንዲት ደንበኛ ሶፋ ሲያለብስ ሴትዮዋ ጋራዥ ውስጥ የተጣሉ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ሰጠችው። ሰንሰለታቸውን ዘይት ቀባ፣ ጎማቸውን ለወጠ፣ የአንደኛውን ኮርቻ ደግሞ ሁለት ጣት ውፍረት ባለው ስፖንጅና ከሥራ በተረፈ ቆዳ እንደገና አለበሰው።

"ወንድምጋሼ፣ ዙፋን ሠርቼልሃለሁ። ካልተቀመጥክበት አኩርፋለሁ" አለው።

የመጀመሪያው እሁድ ጉድ ነበር። የታላቅየው ሚስት አዋላጅ ናት፤ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ገና መግባቷ ነበር። ባሏ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሦስተኛው ላይ እየተንገዳገደ ሲሄድ ስታይ ጎኗን ይዛ ሳቀች። "ሆድህ ቀድሞ ይድረስ፤ አንተ ቀስ ብለህ ትመጣለህ!" ብላ ጮኸችበት። በወሩ ግን ሳቁን ትታ ማጉረምረም ጀመረች፤ ሰውየው እሁድ እሁድ ቤት የሚባል ነገር ጠላ።

ከሁሉ ከሁሉ የሚወዱት በጋው ሊወጣ ሲል ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ነበር። ያኔ ማለዳው ክንድን ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅዝቃዜ ይዞ ይነሳል፤ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ገለባ ገለባ ይሸታል። ከከተማው ጫፍ የነዳጅ ማደያውን ካለፉ በኋላ መኪና ይጠፋል። የሚሰማው የጎማ ሽውታና የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ዳገቱን ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ ጭናቸው ይቃጠላል፣ ላብ ዓይናቸው ይገባል፣ ታላቅየው "ይሄን ጋራ ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?" እያለ ይራገማል። ጫፉ ላይ ሲወጡ ወደ ግድቡ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ከፊታቸው ይዘረጋል። እዚያ ላይ ታላቅየው ሁለት እግሩን ከፔዳሉ ያነሳና ወደ ጎን ዘርግቶ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው መሆኑን ረስቶ፣ "ኧረ ያዙኝ!" እያለ ይለቀቃል። ነፋሱ ሸሚዙን ከኋላው ይነፋዋል። ሚስማር እየሳቀ ይከተለዋል። በሕይወቱ ጮክ ብሎ የሚስቀው እዚያች መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ታች ግድቡ ዳር አንድ ሽማግሌ ሐብሐብ ይሸጣሉ። ታላቅየው ትልቅ ቁራጭ ያስቆርጥና "እታለም እንዳትሰማ፤ ደግሞ ውሃ እኮ ነው፣ ውሃ ስኳር አለው?" ይላል። እታለም የሚላት ሚስቱን ነው፤ ሚስማር እሷን የሚጠራበት ስም ለእሱም ለምዶበት።

እንዲህ እያሉ ሁለት በጋ አሳለፉ።

በሁለተኛው በጋ መጨረሻ፣ አንድ እሁድ፣ ከጠዋቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የሚስማር ስልክ ጮኸ። ሚስማር አላመመውም። አልደከመውም። አልጋው ሞቆ፣ ትራሱ ተመችቶት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ሆን ብሎ ድምፁን ጎርነን አደረገና፣

"ወንድምጋሼ፣ ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም። ጉሮሮዬ ተዘግቷል" አለ።

"ውይ፣ በል ተኛ። ታዲያ እኔ ለማን ልጩህ?"

"ሳምንት እንሄዳለን።"

"ሳምንት ደመና ይመጣል። በጋው እኮ እያለቀብን ነው። ግድ የለም፣ ብቻዬን ደርሼ እመለሳለሁ። አንተ ትኩስ ነገር ጠጣ።"

ሚስማር ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ያን የመሰለ እንቅልፍ ከዚያ በፊት ተኝቶ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልተኛም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የቀሰቀሰችው የወንድሙ ሚስት ናት። ታላቅየው ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገድ ዳር ተቀምጦ ተገኝቷል። ልቡ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንስቶ ሆስፒታል ቢያደርሰውም አልሆነም። ሐኪሙ ለሚስቱ "ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ተወው። ሚስማር አጠገቧ ቆሞ ነበር። ሰምቷል።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሰው ሲቀለው እታለም ከብስክሌቱ ላይ የተፈታውን ትንሽ ቦርሳ አምጥታ ሰጠችው። ውስጡ የጎማ መንፊያና አንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ነበር። ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ታላቅየው በእጁ "ለሚስማር። ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ" ብሎ ጽፎበታል። ያን ጠዋት መንገድ ከመጀመሩ በፊት ዞሮ መድኃኒት ቤቱን ከፍቶ ይዞለት ነበር።

"ሲመለስ ሊያደርስልህ ነው" አለችው። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። "ለመሆኑ ተሻለህ?"

"ተሻለኝ" አላት።

ያቺ ሁለተኛዋ ውሸት ከመጀመሪያዋ ከበደችው። ለወንድሙ የዋሸው ለእንቅልፍ ነበር፤ ለእሷ የዋሸው ፊቷን እያየ ነው።

ዓመት ሞላው። ሚስማር ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ሸራ ጣለበት። እሁድ እሁድ ሱቁን ዘግቶ ውስጥ ይቀመጣል። እታለም ጋ ይሄዳል፣ የተበላሸ ይጠግንና ይመለሳል። ሰው "ሐዘን ጎዳው" ይለዋል። እሱም ሐዘን ብቻ በሆነ ብሎ ይመኝ ነበር።

ሌላው በጋ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን እታለም የባሏን ብስክሌት እየገፋች ሱቁ መጣች። ጎማው ተንፍሷል፣ ኮርቻው አቧራ ለብሷል።

"ዋርሳዬ፣ አስተምረኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"መንዳቱን ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩ ሰው እሁድ እሁድ ጥሎኝ የሚሄደው ምን አግኝቶ እንደሆነ ልወቀው። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብወድቅም ብዙ አልርቅም፣ መሬቱ ቅርብ ነው።"

ጎማውን ነፍቶ ኮርቻውን ጠረገላት። ከሥራ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጥላት ጀመር። መሪውን እንደሚያመልጥ ሕፃን አንቃ ትይዘዋለች። "ግፊ! አታቁሚ፣ ግፊ!" ሲላት ከት ብላ ሳቀችና ወደቀች። ጉልበቷን እያራገፈች፣ "ስንት ዓመት ሙሉ ሴቱን ሁሉ ግፊ ስል ኖሬ፣ ፈጣሪ ዛሬ ብድሩን መለሰልኝ" አለች። በሁለት ሳምንት ሜዳውን ብቻዋን ዞረች። በሦስተኛው እሁድ መንገድ ወጡ።

ጠዋቱ ልክ እንደድሮው ነበር። የገለባው ሽታ፣ ከጠል የረጠበው አስፋልት፣ ከኋላቸው የምትወጣው ፀሐይ ጥላቸውን አስረዝማ ፊታቸው ላይ ስትጥለው። እታለም ዳገቱን ግማሹን ነዳች፣ ግማሹን ገፋች። ጫፉ ላይ ቆማ ግድቡን፣ የታጨደውን ሜዳ፣ ወደታች የሚወርደውን መንገድ አየች።

"ይሄ ነው?" አለች።

"ይሄ ነው።"

"ፍሬኑን አትልቀቂ በለኝ እንጂ።"

"ፍሬኑን አትልቀቂ።"

ትንሽ ይዛ ወረደች፤ ከዚያ ለቀቀችው። ነፋሱ ሻርፗን ወስዶ አንገቷ ላይ ሲያውለበልበው ሚስማር ከኋላ አየ። ድምፅ ሰማ፤ መጀመሪያ የፈራች መሰለው። እየሳቀች ነበር። ግርጌው ላይ ስትቆም ግን ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ ሳቁም ገና አልቆመም።

"አንተ! እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ነበር? እኔ ሞኟ ምንጣፍ ሳራግፍ!"

ሐብሐብ ሻጩ ሽማግሌ ሚስማርን ሲያዩ ተነሱ፤ እታለም የሟቹ ሚስት መሆኗን ነገራቸው። ያን ቀን አርፍደው እንደመጡ፣ ሰውየውን ከሩቅ ሲያዩት የሚያርፍ መስሏቸው ዝም ብለው ሐብሐባቸውን ሲደረድሩ እንደቆዩ ነገሯት። "ጓደኛው ኋላ ቀርቶበት እሱን የሚጠብቅ ነበር የመሰለኝ፤ ሁልጊዜ ሁለት ነበሩ" አሉ። ሐብሐብ ቆርጠው ሰጧት፤ ገንዘቧን አልቀበልም አሉ።

እታለም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቁራጩን በእጇ ይዛ ቀረች። "ብቻ አንተን ያን ቀን ጉንፋን ባይዝህ ኖሮ" አለች። ልትወቅሰው አልነበረም፤ እንደምኞት ነው የተናገረችው። "ምን ይደረግ፣ አንተም ሕመም ላይ ነበርክ።"

ሚስማር ከዚህ በላይ ሊሸከመው አልቻለም።

"አላመመኝም ነበር" አላት።

"ምን?"

"ጉንፋን አልያዘኝም ነበር። ዋሽቼው ነው።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"እንቅልፍ ጣፍጦኝ።"

 ሐብሐቡን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

"ሌላ ነገር ብትለኝ በወደድኩ። ሰክሬ ነበር ብትለኝ፣ ሴት ቤት ነበርኩ ብትለኝ። እንቅልፍ? ግማሽ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ? እኔ ሥራዬ ነው። በግማሽ ሰዓት የሚሆነውንና የማይሆነውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።"

ተነስታ ብስክሌቷን ያዘችና ዳገቱን መግፋት ጀመረች። ሊያግዛት ጠጋ ሲል "ተወኝ" አለችው። እስከ ከተማው ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ ተከተላት። በሯን ስትዘጋ አየና ሄደ።

ሦስት እሁድ ስልኩን አላነሳችም። ሚስማር በእነዚያ ሳምንታት የአንድ ሶፋ ጨርቅ ገልብጦ ሰፍቶ መልሶ ተረተረው። ጣቱን በመዶሻ መታ። የሳል ሽሮፑን ከሱቁ የክር መደርደሪያ ኋላ አውጥቶ አየው፤ ጊዜው አልፎበታል፤ መልሶ አስቀመጠው። ሌሊቱ አልነጋ እያለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳና በሩ ላይ ይቀመጣል።

በአራተኛው እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እታለም በብስክሌቷ ላይ ሆና ደጁ መጣች። ሰማዩ በደመና ከብዷል።

"ተነስተሃል?"

"ተነስቻለሁ።"

"እንሂድ።"

እስከ ዳገቱ አጋማሽ ነዱ። ከዚያ ወርዳ እየገፋች ሳትዞር ማውራት ጀመረች።

"ያን ቀን ከመውጣቱ በፊት ደረቱን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። 'ምነው?' አልኩት፤ 'ጋዝ ነው' አለኝ። ሌሊቱን ሥራ አድሬ ገና መግባቴ ነበር። 'እሺ' አልኩና ዞሬ ተኛሁ። የሕክምና ሰው ሆኜ!" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ለማንም አልተናገርኩም። አንተ እንቅልፍ ስትለኝ ጊዜ ያበድኩት ለዚህ ነው።"

"እታለም..."

"ቆይ። ይሄን የነገርኩህ እንድትጽናና አይደለም። የኔ ያንተን አያጠፋውም፤ ያንተም የኔን። ይቅር ብዬሃለሁም አላልኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ካንተ በቀር ግን ስለ እሱ የማወራው ሰው የለኝም። ሌላው ሁሉ 'ፈጣሪ ያጽናሽ' ብሎ ወሬ ይለውጣል።"

ስለ እሱ አወሩ። ሚስማር የሐብሐቡን ምስጢር ነገራት፤ "ይሄ ሌባ!" ብላ አለቀሰች። ጫፉ ላይ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደባቸው፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ነው። ቁልቁለቱን ሳያዩት ተመለሱ። ቤቷ ሲደርሱ ከራስ እስከ እግራቸው ውሃ ሆነው ነበር።

ብስክሌቱ ክረምቱን መሬት ላይ ቆሞ እንዳይከርም ሚስማር ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ማንጠልጠያ ሊመታላት መሰላል አመጣ። ቦታውን ሲለካ ቆማ አየችው።

"ዝቅ አድርገው" አለችው። "ብቻዬን የማወርደው ይሁን።"

ትከሻዋን በዓይኑ ለካና ዝቅ አድርጎ መታው። ብስክሌቱን ሰቀለ። ከጎማው የሚንጠባጠበውን ውሃ በጨርቅ ጠረገ።

"ከርሞስ?" አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

"ከርሞ የሚሆነውን ከርሞ ያውቃል" አለችና ደረቅ ፎጣ ልታመጣለት ወደ ውስጥ ገባች።