የውርጭ ምልክት

ይመኙሻል ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የተነሳችው ለክፉ ነገር ሁሉ ተዘጋጅታ ነበር። አውቶቡሱ ገደል ቢገባ ብላ በመስኮት በኩል አልተቀመጠችም። እባብ ቢኖር ብላ ነጭ ሽንኩርት ቋጥራለች፤ ወባ ቢኖር ብላ አጎበር ደራርባ ይዛለች። ልጇ ሲና ወልዳ የተኛችው ከዓለም ከተማ ቁልቁል፣ ጀማ ወንዝ ዳር ባለው ቆላ ነው። የሲና ባል መኳንንት እዚያ ባለ የመስኖ እርሻ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ይመኙሻል ሳትዘጋጅለት የቀረችው፣ በአራሷ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀን ከሌት እፍ ለሚለው ነጭ ሳጥን ብቻ ነበር።

«ኤሲ ነው» አላት መኳንንት በደረሰች ማግስት። «የእርሻው ቢሮ ሲፈርስ የተረፈ ነው። የቆርቆሮ ቤት በግንቦት ያለ እሱ አይቻልም። አሁን ልብ ብለው ይዩኝ፣ እማማ።»

ሪሞቱን አቀበላት። ይመኙሻል ጊንጥ የሰጧት ይመስል በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ሃያ ስድስት ላይ ነው፤ ከዚያ አይንካ። ሰው ሁሉ ቤቱ ቶሎ እንዲቀዘቅዝለት ብሎ አሥራ ስድስት ያደርገዋል። ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ መብራት ነው የሚበላው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርዱም ይቀንሳል፣ መብራትም ይቆጥባል። እኛና ጎረቤታችን ሐጂራ በአንድ መስመር ነን፤ አሥራ ስድስት ካሉት ብሬከሩ ይወርድና ሁለታችንም ጨለማ ነን። በሩ ዝግ፣ መጋረጃው ዝግ። ለልጁ አንድ ስስ ጨርቅ ይበቃዋል።»

«አንድ ስስ ጨርቅ!» አለች ይመኙሻል። «ልጅ ነው ወይስ ቋንጣ ነው የምታደርቁት?»

«እማዬ ደግሞ፣» ሲና ከአልጋዋ ሳቀች፤ «መንዝ መሰለሽ? እዚህ እኮ ድንጋይም ያልበዋል።»

ይመኙሻል አልሳቀችም። ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሳም። ክርስትና ሳይነሳ አንድ ነገር ቢሆን ፍትሐት እንደማይደረግለት፣ ስሙም በጸሎት እንደማይጠራ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። ይህን ለሲና አልነገረቻትም። ክፉ መንፈስ እንዳይቀርበው ትራሱ ሥር ያኖረችው ቢላዋ ከቦታው መኖሩን ግን በየጊዜው ትዳስስ ነበር።

ከቀናት በኋላ የሲና ጡት አብጦ ብርድ ብርድ አላት። ጠዋት ሕፃኑን በደህናው ጡቷ አጠባችው፣ አስተኛችው፣ ከመኳንንት ጋር በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። «ቶሎ እንመለሳለን፤ ምንም አትንኪ» አለቻት።

ይመኙሻልም ምንም መንካት አላሰበችም። የባጃጁ ድምፅ እንደራቀ ግን ሕፃኑ አነጠሰ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነጠሰው። እግሩን ነካች፤ ቀዝቅዟል። ቀና ብላ ሳጥኑን አየች፤ ከአፉ የሚወጣው ነፋስ የአጎበሩን ጫፍ ያወዛውዛል። እሷ አገር የአውቶቡስ መስኮት አንድ ጣት ያህል እንኳ ቢከፈት ጠቅላላ ተሳፋሪ ይጮኻል፤ እዚህ ደግሞ ነፋስ ከፍለው ቤት ያስገባሉ። «ሳንባ ምች እንዲህ ነው የሚጀምረው» አለች ለራሷ። «ማታ ያስላል፣ ነገ ጡት እንቢ ይላል፣ ከነገ ወዲያ…»

ሪሞቱን አነሳች። ከቁጥሩ አጠገብ ስድስት ቅርንጫፍ ያላት፣ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ያማረች ትንሽ ምልክት አለች። በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ አይታታለች። በረዶ፣ አመዳይ፣ ውርጭ።

ውርጭ!

ልጅ ሳለች፣ መንዝ ውስጥ ቀየት በምትባል መንደር፣ አባቷ ቤት፣ ባቄላው አብቦ ሽታው እስከ ጓዳ ይገባ ነበር። አንድ ማታ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ትልልቆቹ ወደ ላይ አይተው ዝም አሉ። ጠዋት ማሳው የተቀቀለ ይመስል ጠቁሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። አባቷ ድንበሩ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ላይ እንደጫነ ፀሐይ ወጣችበት። ውርጭ አይጮኽም፣ አያስጠነቅቅም፤ ንጹሕ ሰማይ ለብሶ ይመጣና ለጋውን ይለቅማል። የመንዝ ሰው ልጅ ውርጭና ፀሐይ ቀርቦለት ውርጭን የሚመርጥበት ቀን አልተፈጠረም።

ማጥፋቱን ፈራች፤ ልጇ ትቆጣለች። ብቻ ይህን ምልክት ከልጁ ላይ ማንሳት አለባት። አንዱ ቁልፍ ላይ በእንግሊዝኛ «ሞድ» ይላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሒሳብ የተማረችው ሞድ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ቁጥር ነው፤ እዚህ ምን እንደሚሠራ አልገባትም። ተጫነችው። ጠብታ መጣ። ዝናብ ነው፣ አይሆንም። ተጫነች። ክንፍ ያለው መዘውር መጣ። ነፋስ ነው፣ እሱ ራሱ ጠላቴ። ተጫነች። ፀሐይ መጣች፤ ክብ፣ ጨረሯ ዙሪያዋን የተበተነ።

«ለፀሐይ ቀን የፀሐይ ምልክት» አለች። «ይኸው፣ ምን ይከብዳል!» መብራትም ይቆጥብ ብላ ቁጥሩን ሠላሳ ላይ አደረሰችው። ሳጥኑ ትንሽ እንደመተንፈስ አለና ጸጥ አለ። ነፋሱ ቆመ። ይመኙሻል አማተበችና ከሻንጣዋ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራውን ባና አውጥታ ሕፃኑን እስከ አገጩ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ዝምታ ዋጠው። ከላይ ቆርቆሮው ብቻ ቋ፣ ቋ ይላል። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል፤ እሷ ግን ስትፈራ ያልባታል፤ የማትሪክ ፈተና ወረቀቷን በእጇ ላብ ያራሰች ሴት ናት። ስለዚህ ላቧን ከፍርሃቷ ቆጠረችው።

ሕፃኑ የሚጠባበት ሰዓት አለፈ። አልነቃም። ጉንጩ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ከንፈሩን በጣቷ ነካካች፤ ወትሮ ጣት የሚሻማ ልጅ አፉን አልከፈተም። ግንባሩን ዳሰሰችው፤ እሳት!

«ወይኔ! ብርዱ ቀድሞ ውስጡ ገብቷል።» ባናውን አጠበቀችው። ለሲና ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አላት። ደገመች፤ ያው ነው። ፍትሐት የሌለው ትንሽ መቃብር ሲቆፈር ታያት።

በሩ ተከፈተ። ጎረቤቷ ሐጂራ ናት፤ ባለሱቋ፣ ለአራሷ አብሽ በጠርሙስ ይዛ።

«ኡፍ! እትዬ፣ ቤት ነው ወይስ ዳቦ ቤት?»

«ዝጊው! በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል!»

«ብርድ? ወላሂ ካገኘሽ ለእኔም ቆንጥሪልኝ፤ ሱቄ ያለው ቅቤ ዘይት ሆኖ…» አልጨረሰችም። ሕፃኑን አየችው። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ያ አላህ! ይሄን ልጅ በግ አደረግሽው እኮ። ፍቺው!»

«ትኩሳት አለው፣ ብርድ መቶት…»

«እጄን እዪው፣ ከደጅ ነው የመጣሁት። ደጁ ከዚህ ቤት ይበርዳል!»

ይመኙሻል ሪሞቱን አየች። ፀሐይዋ አሁንም ትስቃለች። ያን ጊዜ ገባት። ምልክቱ ደጅ ያለውን አይናገርም፤ ቤት ውስጥ የሚያመጣውን ነው የሚናገረው፤ ውርጩ ያቀዘቅዛል፣ ፀሐይዋ ታሞቃለች። ልጁን ከውርጭ አሸሽታ ፀሐይ ውስጥ ዘግታበታለች፤ በዚያ ላይ ባና፣ በዚያ ላይ ቆርቆሮ።

ሐጂራ ባናውን ስትፈታ ይመኙሻል ቁልፉን ተጫነች። የማታውቀው ምልክት መጣ። እንደገና ተጫነች፤ ያች ስድስት ቅርንጫፍ ብቅ አለች። በገዛ እጇ ውርጭ እያወረደች ነው። ይፍጠን ብላ ቁጥሩን ቁልቁል ነዳችው፤ ሃያ ስድስትን አለፈች፣ ሃያን አለፈች፣ አሥራ ስድስት። ሳጥኑ አጉረመረመ፣ አጓራ፤ ቀጭ!

ሁሉ ነገር ጠፋ።

«ብሬከሩ ወረደ፣» አለች ሐጂራ፤ «ምን ብለሽ ነካሽው?»

ይመኙሻል ሪሞቱን ጥላ ልጁን ብድግ አደረገችው። በሁለት እጇ ላይ አንገቱ ዘመመ። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ በቀትር ደጅ አይወጣም፤ ቀትር ምች አለበት፣ ዓይን አለበት፣ ስሙን የማይጠሩት አለበት። ቢላዋውን ከትራሱ ሥር መዥርጣ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችና ልጁን ይዛ ወጣች።

ከቤቱ ጀርባ ሾላ አለ። ሐጂራ ከጥላው ሥር ካለው ጀሪካን ውሃ ቀዳች፤ ይመኙሻል የነጠላዋን ጫፍ እያራሰች አንገቱን፣ ብብቱን፣ ጭኑን አበሰች። ሐጂራ በሰፌድ አራገበችለት። ይመኙሻል ነፋሱ በራቁት ደረቱ ላይ ሲያልፍ እያየች ጥርሷን ነከሰች።

«ማሙሽ፣» አለች፤ «ኧረ ማሙሽዬ፣ ንቃ። ንቃና እርገመኝ።»

ሕፃኑ ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ አንድ እግሩን ሳበ። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ድምፁ እየወፈረ ሄዶ ለቅሶ ሆነ። ሐጂራ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሰፌዱን ጣለች። ይመኙሻል አብራው አለቀሰች።

ባጃጁ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ሲና እናቷን ከነልጇ ዛፍ ሥር፣ በወገቧ ቢላዋ ሻጥ አድርጋ ስታያት ጮኸች። ይመኙሻል አንድም አልደበቀችም፤ ውርጩንም፣ ፀሐይዋንም፣ ባናውንም ተናገረች። ሲና ልጁን ነጥቃ ጡቷን ሰጠችው። ሁሉም ትንፋሻቸውን ይዘው አፉን አዩ። ፈለገ፣ ሳተ፣ ፈለገ፣ ያዘ። የመዋጡ ድምፅ ሲሰማ መኳንንት የባጃጁን ሞተር አስነስቶ እናትና ልጅን ወደ ጤና ጣቢያው መለሳቸው።

ይመኙሻል ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ቀረች። ሲመለሱ ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ሲና ራሷ ነገረቻት። «ደህና ነው ብለውኛል። ቶሎ ባይቀዘቅዝ ኖሮ…» አለችና ተወችው። ከዚያ «እማዬ፣ ግቢ እንጂ፤ ምች ይመታሻል» አለች።

ብሬከሩ ተነሳ። መኳንንት ሪሞቱን ሊይዝ ሲል ይመኙሻል ቀደመችው። ስድስት ቅርንጫፍ። ሃያ ስድስት። ሳጥኑ ሳያጓራ ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

«ፕላስተር አለህ?» አለችው።

«ምነው፣ ቆሰሉ እንዴ?»

«ለእኔ አይደለም። ለዚች ፀሐይ ነው።»

ፕላስተሩን ቆርጣ ሞድ በሚለው ቁልፍ ላይ ለጠፈችው፤ ሌላም ደረበችበት። ከዚያ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሕፃኑ በአንድ ስስ ጨርቅ ተኝቷል፤ እግሩ ራቁቱን ወጥቷል፤ ነፋሱ በላዩ ላይ ያልፋል። ባናው ወንበሩ ላይ፣ በእጅ መድረሻ ነው። እጆቿ ተነሱ።

ይመኙሻል እጆቿን ወደ ታች መለሰችና ተቀመጠችባቸው።