የኦወን ድንጋይ

የዊልክ ኮቭ ምክር ቤት ሰብሳቢ የሆንኩት ችሎታ ኖሮኝ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሰልችቶት ሲተወው፣ ምርጫው የተደረገ ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀርቼ ነበርና በማግስቱ ስወጣ ራሴን ተመርጬ አገኘሁት። አባላቱ አምስት ነን። አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ በረዶ ጠረጋና ባለቤቶቻቸው ስለማያስሯቸው ውሾች ነው፤ በዚያም ላይ እንኳ ተጣልተን እንወጣለን። የባሕሩ ግንብ ጉዳይ የመጣ ጊዜ ግን አንድም የተጣላ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዝም አለ። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነው።

ግንቡ የታች መንገድን ከባሕሩ የሚለይ ነው። የአያቶቻችን አባቶች ድንጋይ አራት ማዕዘን አድርገው ጠርበው፣ ያለ ሲሚንቶ አንዱን ባንዱ ላይ አሳክተው የሠሩት ነው። ባለፈው ጥር ማዕበሉ በአንድ ቦታ ጥሶት ገባና የጄና ዝዊከርን ቤት ሞላው። ጄና ሕፃን ልጇን በኩሽናው መስኮት አውጥታ ያቀበለችው ለእኔ ነው። ልጁ ከወገቡ በታች ርሶ ነበር። አላለቀሰም፤ ብርዱ ድምፁን ወስዶታል። ካፖርቴ ውስጥ ከትቼው ዳገቱን ስሮጥ፣ ይህ ግንብ እንደ አዲስ ካልተሠራ መንደሩን ረግሜ እሄዳለሁ ብዬ ማልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሄጄ የት እንደምደርስ እግዜር ይወቀው።

ችግሩ ግንቡ ግንብ ብቻ አለመሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ባሕር የበላው ሰው ሬሳው ካልተገኘ መቃብር የለውም። ቤተሰቡ ጀልባው ከተነሣበት ዳርቻ ባሕሩ ያለሰለሰውን አንድ ክብ ድንጋይ ያነሣል። ከዚያ ከግንቡ አንዱን ጥርብ ድንጋይ አውጥቶ ያንን በቦታው ይከተዋል። ስም አይጻፍበትም፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው ሊነካው ይገባል፣ ሰውየው ያለው እዚያው ውሃ ውስጥ ነውና። ወደ ቤት ግን አይገባም። የሰጠመ ሰው ድንጋይ ጣራ ሥር ካደረ ባሕሩ ከዚያ ቤት ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። አምናለሁ አልልም። ደፍሬ ያስገባሁበት ቀን ግን የለም።

ሬታ ኮርከም የባሏን የኦወንን ድንጋይ ያስቀመጠች ዕለት፣ ቦታውን የከፈተላት የኦወን ወንድም ላይል ነበር። ጥርቡ ድንጋይ አልነቀል ብሎት የብረት መፈንቀያ ፓሎ ይዞ ግማሽ ቀን ሲታገል ዋለ። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ሬታ በየማምሻው ወደ ታች መንገድ ትወርዳለች። ድንጋዩ አጠገብ ቆማ የዋለችበትን ትነግረዋለች፤ ማን እንደወለደች፣ ማን ጀልባውን እንደሸጠ፣ ላይል ምን ብሎ እንዳናደዳት። ዝናብ አያስቀራትም። በዚያ ስናልፍ ሰላም አንላትም፤ ሴት ከባሏ ጋር ስታወራ አትቋረጥም።

ይህችው ሬታ ከአምስቱ የምክር ቤት አባላት አንዷ ናት። ላይልም እንደዚሁ። ከስብሰባው በፊት ግንቡ እንደ አዲስ ይሠራ የሚለውን ሁለት ሰው እንደግፋለን ብለን ነበር፣ እኔና የዓሣ ማቀዝቀዣው ኃላፊ። ላይልና አንድ ጓደኛው አይሆንም ብለዋል። ሬታ ምንም አላለችም። ክፍለ ሀገሩ የሰጠን ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ይቃጠላል፤ የዚያን ዕለት ምሽት ካላጸደቅነው ከክረምቱ በፊት አንድ ድንጋይ አይነሣም። ጄና ደግሞ ሌላ ቤት የላትም፤ ባሕሩና እሷን የሚለያቸው እኔ ራሴ የደረደርኩት የአሸዋ ከረጢት ነው።

ስብሰባው እንደ ሁልጊዜው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነበር። መኪናውን ወደ ውጭ አውጥተን ወንበር ደረደርን። መንደሩ በሙሉ መጣ። ጄና ልጇን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች፤ እሷ በጋብቻ የመጣች ስለሆነች ግንቡ ውስጥ ድንጋይ የላትም፣ ስለዚህ አፏን አልከፈተችም። ከከተማ የተላከችልን መሐንዲስ ዳፍኒ የምትባል ወጣት ነበረች። ፎቶዎቿን ግድግዳው ላይ ማብራት ስትጀምር በሆዴ ደህና እደሩ አልኩ፤ ግድግዳ ላይ የሚበራ ነገር ሁልጊዜ እንቅልፍ ያመጣብኛል። ግን አላስተኛችኝም።

አሮጌው ግንብ እስከ መሠረቱ እንደሚነሣ፣ በቦታው ኮንክሪትና ከተራራ የሚመጣ ትልልቅ አለት እንደሚገባ አስረዳች። ላይል እጁን አውጥቶ ድንጋዮቻችንስ ምን ይሆናሉ አላት። አስባበት ነበር የመጣችው። ከግንቡ በላይ አግዳሚ ወንበር ያለው ሣር ይሠራል፣ እዚያ በክብር ይደረደራሉ አለች። አዳራሹ አጉረመረመ።

“ሣር ላይ?” አለ ላይል። “ውሃ በማይደርስበት? ምናቸው ናቸው እነሱ፣ የአበባ ማሰሮ?”

ልጅቷ ቀላች። ወደ አዲሱ ግንብ ፊት መመለስ እንደማይቻል ነገረችው። ለምን ሲላት ወረቀቶቿን አገላበጠች፤ አለመናገሩ ይሻላል ወይስ መናገሩ ብላ እያሰበች እንደነበር አሁን ይገባኛል። ከዚያ ሌላ ፎቶ አበራች። ግንቡ ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር፤ የተከፈቱትና የተነቃነቁት ቦታዎች በቀይ ተከበዋል።

“ጥርቦቹ ዛሬም ንቅንቅ አላሉም” አለች ቀስ ብላ። “እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ግንቡ የላላው ክብ ድንጋዮቹ በገቡበት ቦታ ሁሉ ነው። ክብ ድንጋይ አጠገቡ ያለውን አይዝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።”

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጄናና ከመሐንዲሷ በቀር ቀዩ ክብ የማይመለከተው ቤተሰብ አልነበረም። እያንዳንዳችን አንድ ድንጋይ ብቻ ብለን ነበር። አንድ ድንጋይ ምን ይጎዳል? እንዲህ እያልን፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ባሕሩን እየረገምን ግንባችንን በገዛ እጃችን ስንነቅል ኖረናል። ሰው መቃብር አይመረምርምና ማንም አላየውም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም አዝኜም አላውቅም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ሰው ፊቱን የት እንደሚያዞር ይጠፋዋል።

ሬታ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። በጄና ቤት በኩል የተጣሰው ከየትኛው ድንጋይ እንደጀመረ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቀች። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

“ንገሪኝ፣ ልጄ” አለች ሬታ።

ዳፍኒ ሄዳ በጣቷ ነካችው። ከአሸዋ ከረጢቱ ጠርዝ ላይ፣ በድድ ላይ እንደቀረ ጥርስ ብቻውን የቀረ ክብ ድንጋይ ነበር። ከሱ ቀጥሎ የነበሩት ጥርቦች ተንሸራተው ሄደዋል። ሬታ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም፤ በየማምሻው ስታየው የኖረች ናት።

ላይል ተነሣ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። ኦወን የማንንም ቤት አላፈረሰም፣ ይህ የከተማ ሰው ወሬ ነው አለ። ያንን ጥርብ ግማሽ ቀን ታግሎ የነቀለው እሱ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ማንም ግን አላነሣበትም።

“ስሚ ሬታ” አላት። “እጅሽን ካወጣሽ ወንድሜን ሁለተኛ ገደልሽው ማለት ነው።”

ሰብሳቢ ነኝና ዝም በል ልለው አፌን ከፈትኩ። እሷ በዓይኗ አስቆመችኝ።

“ላይል፣ ያ ልጅ ሲወጣ ከወገቡ በታች ውሃ ነበር” አለችው። “ኦወን ቢኖር ኖሮ ያን ቀን መጀመሪያ የሚገባው ማን ነበር? አንተው ንገረኝ።”

ሬታ ወደ እኔ ዞረችና አንድ ነገር በውሳኔው ውስጥ ይግባ አለች፦ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ድንጋይ በገዛ እጁ ያውጣ። ዳፍኒ ምንም ችግር የለውም አለች። ድምፅ እንድንሰጥ ጠየቅሁ። ሬታ እጇን አወጣች፤ ከፍ አድርጋ አይደለም፣ ከትከሻዋ እኩል። ጸደቀ። መዶሻ ስለሌለን በሻይ ኩባያዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ጄና ልጇን ይዛ ወደ ሬታ መጣች። ሬታ የልጁን እግር በእጇ ያዝ አድርጋ ለቀቀችውና ኮቷን ለበሰች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ባሕሩ ሲሸሽ ሁላችንም ወረድን። ገሚሱ ፓሎ፣ ገሚሱ ባሬላ ይዟል። አንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አልነበረውም፤ ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄዶ ቀርቷል ወይም ሞቶ አልቋል። እነዚያን ሽማግሌዎቹ ስም እየጠሩ አወጧቸው፣ ስሙ የጠፋባቸውንም “የእኛው ልጅ” እያሉ። ከዚያ ውሃው እስከሸሸበት ድረስ ተሸክመን፣ ከተነሡበት ዳርቻ መልሰን አስቀመጥናቸው። ሌላ ምን ይደረጋል? ባሕሩ ይንካቸው ነው ሕጉ፣ እዚያ ይነካቸዋል።

ላይል አልመጣም ነበር። ሬታ የኦወን ድንጋይ ፊት ተንበረከከች፤ እኔ ፓሎውን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ግራና ቀኙን መፈልቀቅ ይኖርብናል ብዬ ገና ሳስብ፣ ልትዳብሰው እጇን ጣል አደረገችበት። ድንጋዩ ወጣ። ሳይታገል፣ ሳይንጓጓ፣ እቅፏ ውስጥ ገባ። ፓሎው እጄ ላይ ቀረ።

ቀና ስል ላይል ከበላያችን መንገዱ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁትም።

“እንደዚህ ላልቶ ነበር?” አለ።

“ላልቶ ነበር” አለች ሬታ።

አሸዋ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ላይል ኮርከም ጀልባ እጁን ጨፍልቆት እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደብቁታል።

ወደ ውሃው የምትወርድ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁላት። እሷ ግን ድንጋዩን እንደታቀፈች ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች። ላይል ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ብድግ አለ።

“ሬታ፣ አይሆንም። ጣራ ሥር አይገባም።”

“ጣራውን የሠራው እሱ ነው” አለችው።

ላይል ቆሞ አያት። ከዚያ ቀርቦ ድንጋዩን ከእቅፏ ተቀበላትና ከፊት ሆኖ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። መንደሩ ሥራውን አቁሞ አየ፤ ተዉ ያለ ሰው የለም።

የሬታን ወለል መንደሩ ያውቀዋል። እኔን ራሴን ስንት ጊዜ ጫማህን ጥረግ ብላ ከደጃፉ መልሳኛለች። ላይል በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጫማህን አላለችውም። ከምድጃው አጠገብ፣ ዱሮ የኦወን ቦት ጫማ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አሳየችው። ድንጋዩን እዚያ አስቀመጠው። የባሕሩ ውሃ ከሥሩ ወጥቶ በዚያ በጠራ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ወደ ጠረጴዛው እግር ሄደ። እኔ ነገር የማሳምር መስሎኝ ከመታጠቢያው ጨርቅ አነሣሁ።

“ተወው፣ ክላይድ” አለችኝ። ወንበር ስባ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠች። “ይህን ሁሉ ዓመት ርጥብ ነው የኖረው። አሁን ይድረቅ።”

ላይል የምድጃውን በር ከፍቶ እንጨት ጨመረ።