የአራተኛ ፎቁ ኢንተርኔት

ሸውቂ በእስክንድርያ ትራም ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቆጣጣሪ ሆኖ የኖረ ጡረተኛ ነውና መዘግየት ምን እንደሆነ ለሱ አይነገርም። የቤቱ ኢንተርኔት ግን እሱንም ረታው። ትራም ቢዘገይም ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ሰው ተስፋ ያደርጋል። ይኼኛው ስልኩ ላይ አንዲት ቀለበት እያሽከረከረ ቁጭ ነው። ሸውቂ የድሮ ልማዱ አልለቅ ብሎት ደብተር አውጥቶ መመዝገብ ጀመረ፦ «አስር ከሰባት ቆመ። አስር ከአሥራ አንድ ተንቀሳቀሰ። አስር ከአሥራ ሁለት እንደገና ቆመ።» ለኩባንያው ደውሎ ሊያነብላቸው ሲል ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙትና «ጌታዬ፣ መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት» አሉት። በአንድ ዓመት ሦስት ኩባንያ ቀየረ። ሦስቱም አጥፍተህ አብራ ሲሉ መከሩት።

ይሁንና የሸውቂ አንጀት የሚቃጠለው ለኢንተርኔቱ አልነበረም። ኢንተርኔት ቢመጣ ቢቀር እሱ ምን ገዶት! የሚቃጠለው ለሚስቱ ለኢንሽራህ ነው።

ኢንሽራህ በዚህ ዕድሜዋ የሙሽራ ልብስ ቅድ ልማር ብላ፣ መንሱራ ከተማ ካለች መምህርት ዘንድ በስልክ ተመዝግባለች። ትምህርቱ በቪዲዮ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ ነው። መምህርቷ ቀልድ አታውቅም፤ ምስሏ ደርቆ የቀረባትን ተማሪ «ሄደሽ ስትነቂ ተመለሽ» ብላ ታስወጣታለች። ኢንሽራህ ሦስት ጊዜ ተባረረች። በአራተኛው ስልኳን፣ መቀሷንና የወረቀት ጥቅሏን ታቅፋ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ወደ መሐንዲስ ሩሽዲ ቤት።

ሩሽዲ ሚስቱ ከሞተች ዓመት ያለፈው፣ ፀጉሩ ያልተመለጠ፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ሰው ነው። ከሦስቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደው ሸውቂ እስካሁን አልለየለትም። እርግጥ ቤቱ ውስጥ ታላቅ እህቱ ሐጃ ፋይዛ አለች፤ የሰፈር አፍ የምታዘጋ የተከበረች ሴት ናት። ግን ሐጃ ፋይዛ ምሳዋን ከበላች እስከ መግሪብ ሶላት ወንበሯ ላይ ታንኮራፋለች። «ዘበኛው ተኝቶ ግቢ ይጠበቃል እንዴ?» ይላል ሸውቂ በሆዱ።

ከሁለተኛ ፎቅ አራተኛ ለመድረስ ሠላሳ ስድስት ደረጃ ነው። ቆጥሮታል። የኢንሽራህ ነጠላ ጫማ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲወጣ እያንዳንዷ እርምጃ ደረቱ ላይ የምታርፍ ይመስለዋል።

«ዛሬም ልትወጪ ነው?» አላት አንድ ማክሰኞ።

«ዛሬ ወገብ ነው የምንለካው።»

«የማንን ወገብ?»

«የሙሽራዋን ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

«መሐንዲሱም አብሮ ይማራል?»

«እሱማ ሻይ አፍልቶ ያቀርብልኝና ወጥ ቤቱ ይገባል። ሻይ ማፍላት የሚችል ወንድ አለ ለካ!»

ይቺ ሻይ ቀኑን ሙሉ ምግብ አላስበላችውም። ኢንሽራህ ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ ፊቷ በርቶ፣ አፏ ማር ሆኖ ነው። «እዚያ እኮ ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ ክሩን መቁጠር ትችላለህ። ሩሽዲ ምን አለ መሰለህ? የሱ ፋይበር ነው፤ የኛው ሽቦ ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ነው አለ።» ሸውቂ የሞሎኺያ ወጡን ገፋ አደረገው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሯት ሲኖር አንድም ቀን «ሸውቂ ምን አለ መሰለሽ» ብላ ለሰው ስታወራ አልሰማም።

በማግስቱ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ አንዱ የኢንተርኔት ኩባንያ ሱቅ ሄደ። ያራ የምትባል ቆንጅዬ ልጅ ተቀበለችው።

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው፣ አጎቴ?»

«የምፈልገውን እኔ ልንገርሽ። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ያለውን ስጪኝ። ትንሽ ጨምሪበት።»

ያራ ሳቋን ዋጠች። «ለምንድን ነው የሚፈልጉት? ለፊልም? ለጨዋታ?»

«ለትዳር።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ እየቀለደ አልነበረም። አድራሻውን ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ ስትነካካ ቆየችና ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ኩባንያ ቢቀያይሩ ለውጥ የለውም። የሁላችንም የሚመጣው በዚያው በስልክ ሽቦ ነው። ኮርቻውን ቢቀይሩት አህያዋ ያችው ናት። ለእርስዎ ፋይበር ነው የሚሻለው።»

«እንግዲያው እሱን አምጪዋ!»

«ችግሩ፣ ሕንፃችሁ በር ላይ ያለው ሣጥን ስምንት መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ስምንቱም ተይዟል።»

ሸውቂ ጣቱን አጥፎ ቆጠረ። «ስምንት ቤት ነን። ስምንት መሰኪያ። እኔ የለኝም። ታዲያ የኔን ማን በላው?»

«ስም መናገር አይፈቀድልኝም። አንዱ ካልለቀቀ ተራ መጠበቅ ነው።»

መናገር አላስፈለጋትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ሳይቆርጡ የተሳፈሩትን ሲያድን የኖረ ሰው አንድ ሌባ ሽቦ አያመልጠውም። ታክሲ ይዞ ተመለሰ፤ በሩ ላይ ያለውን ሣጥን ከፍቶ መነጽሩን አደረገ። ሽቦ የሚዘረጉት ሠራተኞች እንዳይምታታባቸው በየሽቦው ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥመው የቤቱን ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። አንድ ግራ። አንድ ቀኝ። ሁለት ግራ፤ ሁለት ቀኝ የለም፣ እሱ የሸውቂ ነው። ሦስት ግራ፣ ሦስት ቀኝ። አራት ግራ። አራት ቀኝ። አራት ቀኝ።

ሁለቴ አራት ቀኝ! ሩሽዲ!

ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ። አንዱ ለራሱ ይሁን፤ ሁለተኛው ለማን ነው? ለማን ሊሆን! ኢንሽራህ ከመጣች ወዲህ ያስገባው ነው እንጂ። ለሷ ብሎ፣ ለብቻዋ፣ ክር እንድትቆጥርበት! ሰዓቱን አየ፤ አስር ከሩብ ሆኗል፤ እሷም አሁን እዚያው ናት። ሠላሳ ስድስቱን ደረጃ ጉልበቴ ሳይል ወጣና በሩን በቡጢ ደበደበ።

ሩሽዲ የሻይ ማንኪያ በእጁ ይዞ ከፈተ። ሐጃ ፋይዛ ታንኮራፋለች፤ አልነቃችም። ኢንሽራህ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ቆማለች።

«ምን ሆነህ ነው? ቤቱ ተቃጠለ?» አለችው።

«ሁለት መስመር አለው!» ጣቱን ሩሽዲ ላይ ቀሰረ። «ሣጥኑን አይቻለሁ! አንዱ ያንተ ነው፤ ሌላኛው የማን ነው? እስቲ እሷ ፊት ተናገር፣ የማን ነው?»

ሩሽዲ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ አንዱ ክፍል መራው፤ ኢንሽራህም ተከተለች። በጨርቅ የተሸፈነ አልጋ፣ ከአልጋው ራስጌ ትንሽ ጠረጴዛ፣ እሷ ላይ አንዲት ጥቁር መሣሪያ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች።

«የሟች ሚስቴ የደውለት ነው» አለ ሩሽዲ። «በኳስ ጨዋታህ ጥቅሌን ጨረስክብኝ ብላ ተጣላችኝና ሄዳ የራሷን አስገባች። ስሙንም ተመልከት ያወጣችለትን።» ስልኩን ሰጠው። በአካባቢው ካሉት መስመሮች ዝርዝር መሐል «ሩሽዲ እጅህን ሰብስብ» የሚል ተጽፏል።

ኢንሽራህ ሳቅ አመለጣት።

«የይለፍ ቃሉን ብለምናት ‹ስሞት እነግርሃለሁ› አለችኝ» አለ ሩሽዲ። «ሳትነግረኝ ሄደች። ዓመት ከሁለት ወር እየከፈልኩ አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። ግን ስልኬን ስከፍት አሁንም እጅህን ሰብስብ ትለኛለች።» ስልኩን መልሶ ተቀበለ። «ቢሆንም መሰኪያው ለሕያዋን ነው፣ ሸውቂ ወንድሜ። ነገ ሄጄ አስቆርጠዋለሁ፤ አንተ ውሰደው።»

የፈለገው እጁ ገባ። ፋይበር፣ ቤቱ ድረስ፤ ሚስቱም ከዓይኑ ሥር። ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ግን ኢንሽራህን አያት። ሩሽዲን ነበር የምታየው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሸውቂን በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም፤ እናቱ የሞተች ቀን እንኳ። ያኔ ገባው። መሰኪያውን ከወሰደ ኢንሽራህ ቤት ትቀመጣለች፤ ምስሉም ይጠራል፤ እሷ ግን ያቺ አረንጓዴ መብራት የጠፋችበትን ሰውዬ እያሰበች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ካልወሰደ ደግሞ ነገም ጠብ፣ ጠብ እያለች ትወጣለች። ይኼ መሐንዲስ ሰጥቶም ሊያሸንፈው፣ ነስቶም ሊያሸንፈው ነው!

«አይቆረጥም!» አለ ሸውቂ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «የሴትዮዋ ይቀመጥ። እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

ኢንሽራህ ዞር አለች። ያን አስተያየት፣ ያንኑ፣ ለአፍታ እሱ ላይ አሳረፈችው። ሸውቂ የት እንደሚገባ ጠፋው።

«ኢንሽራህ! የት ገባሽ አንቺ ሴት?» ሲል የመምህርቷ ድምፅ ከስኳር ዕቃው ዘንድ ጮኸ። ኢንሽራህ ሮጣ ሄደች። ሩሽዲ «ሻይ ልጨምር» ብሎ ወጥ ቤት ገባ። ሸውቂ ወደ ቤቱ መውረድ ይችል ነበር፤ አልወረደም። አንድ ወንበር ጎተተና የምግብ ጠረጴዛውም የወጥ ቤቱም በር በአንድ ጊዜ ከሚታዩበት ቦታ ላይ ተደላደለ።

«ከመጣህማ አትጎለት» አለችው ኢንሽራህ። «ይኼን ጫፍ ያዝልኝ።»

ተነስቶ የወረቀቱን ጫፍ ያዘ።

«ያ ደሞ የማን እጅ ነው? ወረቀቱን አጣመመብሽ!» አለች መምህርቷ።

«ባሌ ነው፣ መምህር» አለች ኢንሽራህ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

ሸውቂ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለከተ። ውኃ እየተንተከተከ ነው፤ ሩሽዲ ጀርባውን ሰጥቷል።

«ምን አልሻት?» አለ ሸውቂ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አልሰማሁም። እስቲ ጮክ ብለሽ ድገሚላት!»